እኔን ብለን ያነሳነው

ያገለገለ በር የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች። የተጣመመ በር ብቻውን አይቆምም። ጠማማውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙረህ ታስደግፈዋለህ፤ ከፊቱ ሁለት ቀጥ ያሉ በሮች ታቆማለህ። ገዢው ፊተኞቹን መታ መታ አድርጎ፣ ተከራክሮ፣ ሦስቱንም አስጭኖ ይሄዳል። አልፎ አልፎ «ያን ከኋላ ያለውን እስቲ ወደ ብርሃን አውጣልኝ» የሚል ይመጣል። እሱ ነጋዴ ነው፤ ሻይ ጋብዘህ ትሸኘዋለህ። መካኒሳ ውስጥ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ መስኮትና ቆርቆሮ ስሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዋሽቼ አላውቅም እላለሁ። ያልተጠየቅሁትን ብቻ ነው የማልናገረው።

አንድ ቀን ግን አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ከኋላ ያለውን አውጣ አለችኝ። የጠየቀችኝ ስለ በር አልነበረም። ስለ ታናሽ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል። ሥራውን ተከፋፍለነው ነበር፤ እኔ በአፌ፣ እሱ በእጁ። የሚፈርስ ቤት ሲገኝ እኔ ከባለቤቱ ጋር ስነታረክ እሱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮ ሳይቀደድ፣ ሚስማሩ ሳይጣመም ማውረድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የእሱ ቆርቆሮ ከፋብሪካ የወጣ ነው ብዬ ብምል የሚያምነኝ አላጣም ነበር።

ወንድሜ የወደቀ ዕለት ላፍቶ አካባቢ አንድ የጭቃ ቤት እያፈረስን ነበር። እንደ ልማዳችን መጀመሪያ በሮቹን ነቅለን ግቢው ውስጥ ግድግዳው ላይ ደረደርናቸው። ከዚያ ወንድሜ ወጣ። የጣሪያውን ወራጅ እንጨት ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት ኖሮ፣ መሀሉ ላይ ሲደርስ እንክት አለና ይዞት ወረደ። ከፍታው ያን ያህል አይደለም። ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ ወድቀው አቧራቸውን አራግፈው ምሳቸውን የበሉ ሰዎች አውቃለሁ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ «እኔን!» ይባላል፣ ከዚያ ይነሳል። ልጅ ሆነህ መንገድ ላይ ስትደናቀፍ ከማታውቃት ሴትዮ አፍ እንኳ «እኔን» ይወጣል። የወደቀን ሰው መሬት ላይ ትቶ ማየት ነውር ነው፤ ራቁቱን እንደ ማየት ነው። መጀመሪያ ቀና ታደርገዋለህ፣ አቧራውን ታራግፍለታለህ፣ ውሃ ታስጎነጨዋለህ። «ምን ሆንክ?» የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔም «እኔን! እኔን!» እያልኩ ሮጥኩ። ቀኝ ትከሻው ወልቆ ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ መስሏል። ያንኑ ክንዱን ነው ይዤ የሳብኩት፤ ቅርብ የነበረው እሱ ነበራ። በብብቱ ገብቼ ቀና አደረግሁት። አብሮን የሚሠራ አንድ ሰው እግሮቹን ያዘ። ወንድሜ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ እግሬ ተንጠልጥሏል። ያዙልኝ» አለኝ።

«ተይዟል።»

«አልተያዘም ባክህ፣ ያዙልኝ!»

ሁለቱንም እግሮች ደረቱ ላይ አስጠግቶ የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። «ደንግጦ ነው» አልኩት።

ሚኒባስ አስቆምን። ረዳቱ «ኋላ ወንበሩ ላይ አጋድሙት» አለ። ልጁ ከሁላችንም የተሻለ አውቆ ነበር። እኔ ግን «ሬሳ ነው እንዴ የሚጋደመው?» ብዬ ጮህኩበት፤ ሰው መስሎ እንዲሄድ ብዬ በሁለት ሰው መሀል አስቀመጥነው። መንገዱ ተቆፋፍሮ ነበር። በየጉድጓዱ ወገቡ እንደ እርጥብ ካርቶን እጥፍ ሲል ትከሻውን ይዤ ቀና አደርገዋለሁ። እጥፍ ይላል፣ ቀና አደርገዋለሁ።

የወሰድኩት ጎፋ፣ ወጌሻ ቤት ነው። ለምን ሆስፒታል አልሄድክም ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፤ የሚያስጮኸው ትከሻው ነበር። እግሩ አልጮኸም። ነጋዴ የሚጮኸውን ነው የሚሰማው።

ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው። ትከሻውን ዳሰስ አድርገው፣ ስለ ዝናቡ እያወሩት ሳያስበው መለሱለት። ከዚያ ዝቅ ብለው ጫማውን አወለቁና የእግሩን አውራ ጣት በጥፍራቸው ጫን አሉት። ወንድሜ ስለ ዝናቡ ማውራቱን ቀጠለ። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰደው» አሉ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ደግሞ፣ «አስቀምጠህ ነው ያመጣኸው?»

«አዎ አባባ።»

 የቤታቸውን ጠረጴዛ ገፍተው «በዚህ አጋድመህ ውሰደው» አሉኝ።

ሆስፒታል ወገቡ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ብረት ገባለት። የወገቡ አጥንት ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል፣ እግሮቹ ላይመለሱ ይችላሉ አሉን። ያኔ ነው አንድ ሐኪም፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ «ከወደቀበት ማን አነሳው? እንዴት አድርጋችሁ አመጣችሁት?» ብሎ የጠየቀኝ።

«ሰዎች ናቸው» አልኩ። «እኔ ስደርስ አንስተውታል።»

«ሌላ ቦታ ወስዳችሁታል? ወጌሻ?»

«ኧረ በፍጹም።»

ወንድሜ አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ተኝቷል ብዬ ነው።

እናታችን ከአገር ቤት መጣች። ጴንጤ ናት፤ ግን መጀመሪያ ሰሞን እሷም እንደ ጥንቱ «እነዚያ ያነሱት ሰዎች እጃቸው ይድረቅ» እያለች ረገመች። እርግማኑን ቻልኩት፤ እጄም አልደረቀም። እየቆየ ግን ልቧ ራራና ጸሎቷን ቀየረች። በየጠዋቱ ሀና ማርያም ሰፈር ባለችው ቤታችን ሁላችንንም ታቆመንና፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ያነሱትን ሰዎች ይቅር በላቸው፤ ሳያውቁ ነው። በያሉበት ባርካቸው፣ ሥራቸውን አስፋላቸው» ትላለች። እኔ «አሜን» እላለሁ። ምን ልበል? ወንድሜም ከዊልቸሩ ላይ ሆኖ፣ ጮክ ብሎ፣ «አሜን» ይላል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ወንድሜ ከጣሪያ ወርዶ ሱቅ ገባ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ የበለጠ ሻጭ ወጣው። ገዢ ዋጋ ሊያወርድ ሲል ዊልቸሩን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርጎ «ከእኔ ላይ ነው የምትቀንሰው?» ይለዋል። ሰውዬው ደንግጦ ይከፍላል። «ይሄ እኮ ኃጢአት ነው» ስለው፣ «አንተ አፍ ተሰጠህ፣ እኔ ጎማ» ይለኛል።

የእግሩን ሥራ ክንዶቹ ወረሱት። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሽንት ቤት፣ ኮብልስቶኑን ሽቅብ፣ ሁሉም በክንድ ነው። ቁስል እንዳያወጣ ደግሞ በየጊዜው በሁለት እጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከወንበሩ ከፍ ማድረግ አለበት። ከቀጥ ያለ በር ጣውላ ቆርጬ፣ አለስልሼ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር የሚንሸራተትበት ድልድይ ሠራሁለት። ጠዋት ከማንም ቀድሞ ተነስቶ፣ በጣውላው ተሻግሮ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ «እናንተ ሰነፎች፣ ነጋ!» እያለ በራችንን ሲያንኳኳ ሙሉ ሰው ነበር። ያቺ ጣውላ ለእሱ ቤትም ንብረትም ነበረች።

ከዚያ ቀኝ ትከሻው ይጠዘጥዘው ጀመር። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለ። ከዚያ ሸሚዝ መልበስ አቃተው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የሚያንኳኳ ጠፋ። ስገባ ወንድሜ ጣውላው መሀል ላይ ቀርቷል፤ ወደ አልጋውም መመለስ፣ ወደ ወንበሩም መሻገር አልቻለም። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆየ አልነገረኝም። በብብቱ ገብቼ አነሳሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱና በየማታው የማነሳው እኔ ነኝ። ሽንት ቤትም የማደርሰው እኔ ነኝ። በየጊዜው ስሸከመው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እግሬን ለምጄዋለሁ። ይሄን ግን አልለምደውም» አለኝ። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ሰው ሳይጠራ ከአልጋው መውጣት።

ሆስፒታል ለትከሻው ልምምድ የምታሠራው ባለሙያ ናት ስለ ጥናቱ የነገረችን። ኅብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ በክንዳቸው የሚኖሩ ሰዎች ትከሻቸው ያልቃል፤ የተቀደደውን ጅማት በቀዶ ጥገና ሰፍቶ፣ ከዚያ በልምምድ ቀስ በቀስ ማጠንከር ምን ያህል እንደሚያቆያቸው የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ፣ ሰው እየመዘገቡ ነው አለችን። ሄድን። ወጣቷ ሐኪም ሁሉንም አስረዳችን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት ክንዱን አይጠቀምም፤ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል።

«ዋስትና የለውም ማለት ነው?» አልኳት።

«የለውም። ብናውቀው ኖሮ አናጠናውም ነበር።»

«ታዲያ እርስዎም እንደ እኔ ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሸጡት።»

ሳቀች። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ዓይኑ የምዝገባ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ዳቦ ቤት በር ላይ እንደሚጠብቅ ሰው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ብልጠት የገባችው። ኮሪደር ላይ አንድ አስታማሚ፣ «ወጌሻ የነካውን ትከሻ አይቀበሉም» ብሎኝ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም። ለቀጠሮው ስንዘጋጅ ወንድሜን እንደ በር አሰናዳሁት። ጢሙን ላጨሁት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ አለበስኩት። «ማታ ማታ ያመኛል አትበል። ጥንካሬ አለኝ በል። ወልቆ ነበር እንዳትል» አልኩት።

«ቀለምስ አትቀባኝም?» አለኝ።

ሐኪሟ መጠየቅ ጀመረች። ወረቀቱ ላይ ካሉት ውስጥ አንዱ፣ ከወደቀበት እስከ ሆስፒታል ማን እንዳነሳውና እንዴት እንደ መጣ ነበር። አሁንም እስክሪብቶ፣ አሁንም ያው ጥያቄ። «ሰዎች ናቸው» አልኩ። ለዓመታት ስለው ስለኖርኩ ለራሴም እውነት ሊመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ የኤም አር አይ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች።

«ይሄ ከዊልቸር ብቻ የመጣ አይመስለኝም» አለች። «ድሮ የተቀደደ ነው። አጥንቱ ላይም ምልክት አለ። ያኔ ሲወድቅ ትከሻው ወልቆ ነበር?»

«አልወለቀም» አልኩ።

«ሰው ስቦት ያውቃል? የመለሰው ሰው አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ። «ወልቆ ነበር ዶክተር። ወጌሻ ናቸው የመለሱት። ደግ ሰው ናቸው፣ እሳቸው አላጠፉም። ከወለቀ በኋላ ነው በእሱ ስበው ያነሱኝ።»

«ማን?»

«ሰዎች» አለ ወንድሜ። ግድግዳውን እያየ። «አላውቃቸውም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ቀን ሆስፒታል ዓይኑን ጨፈነ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። ያልኩትን ሁሉ ሰምቷል። በየጠዋቱ «አሜን» ሲልም ለማን እንደሚል ያውቅ ነበር።

ሐኪሟ እንዲህ አለች፤ በቀስታ ነው ያለችው። «ያኔ ወልቆ እንደነበር ቢነገር ኖሮ ትከሻው ያኔውኑ ይታይ ነበር። ያኔ ይሰፋ ነበር። አሁን ጡንቻው ሟሙቷል፤ ወደ ስብ ተቀይሯል። ሰፍተን የምናያይዘው ነገር የለም። ብከፍተው ላሳምመው ነው።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። ዋጋ አልስማማ ሲለው እንደሚያደርገው፣ በጨዋነት።

«አንተስ ለምን ያኔ አልተናገርክም?» አልኩት። ጥያቄው ከአፌ የወጣው እንደ ቁጣ ነው፤ ያሳፍረኛል።

«ምን ብዬ? ወልቆ ነበር ብል፣ ማን መለሰው ይሉኛል። ወጌሻ ብል፣ ማን ወሰደህ ይሉኛል።» ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ዳሰሰ። «አንድ ትከሻ ነው ብዬ ነው ጋሼ። ይሄን ያህል እንደምፈልገው አላወቅሁም።»

ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ። ከዚያ ሐኪሟን፣ «ያቺን ወረቀት ያውጧት» አልኳት። «ማን አነሳው የሚለው ላይ፣ ወንድሙ ብለው ይጻፉ። በወለቀ ክንዱ ስቦ። ሚኒባስ ውስጥ አስቀምጦ። ረዳቱ አጋድሙት ሲለው ተቆጥቶ።»

ጻፈችው። ስትጨርስ ሁልጊዜ ልጠይቅ የፈራሁትን ጠየቅኋት። «እግሩንስ? እግሩን የወሰድኩበት እኔ ነኝ?»

«አላውቅም» አለች። «ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምናልባት መሬት ሲነካ ነገሩ አልቆ ነበር። ምናልባትም አላለቀም።»

በሕይወቴ ዋጋ ያላወጣሁለት ነገር የለም። ለዚህች «ምናልባት» ግን ምንም ላወጣላት አልቻልኩም። ማንሳቱስ ይሁን፣ ባለማወቅ ነው። የዋሸሁት ግን እያወቅሁ ነው፤ የእሱን ትከሻ ከፍዬ ነው ራሴን ያዳንኩት።

ለእናታችን ልነግራት ነበር። ወንድሜ ከለከለኝ። «ተዋት፤ የምትጸልይለት ሰው ይኑራት። ደግሞ ሥራህ ሰፍቷል» አለኝ።

ከዚያ ከሳምንታት በኋላ ነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት ፎቅ ይሠራል። የሲሚንቶ ጭቃ ተሸክማ በባሕር ዛፍ መወጣጫው የምትወጣ የቀን ሠራተኛ ሚዛን ስታ ወደቀች። መንደሩ በሙሉ «እኔን! እኔን!» ብሎ ሮጠ። አንድ ጎረምሳ በብብቷ ሊገባ አጎነበሰ።

«አትንኳት!»

ወንድሜ ነው። በዚያ ክንዱ ዊልቸሩን ኮብልስቶኑ ላይ እያንገጫገጨ ገፍቶ፣ በሴትዮዋና በሰዉ መሀል ቆመ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ አንተ? ተጎድተህ ሳለ ሰው መሬት ላይ ትቅር ትላለህ?» አለው አንዱ።

«አዎ ትቅር! ጭንቅላቷን ብቻ ያዙ፣ እንዳታዞረው! ጋሼ፣ በር!»

በር አወጣሁ። ከፊት የማቆመውን፣ ቀጥ ያለውን። ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ጠይቀናት ልምምድ የምታሠራው ባለሙያ እንዳሳየችን አንገቷን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ አምስት ሰው በአንድ ቃል፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳያጥፏት በሩ ላይ አሳለፏት። በሻሽ አሰርናት። ሲጭኗት ሴትዮዋ «ወይኔ እግሬን!» ብላ ጮኸች።

«አመማት!» አለ ወንድሜ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሰማችሁ? እግሯን አመማት!»

የጫናት ፒካፕ ቀስ እያለ ወጣ። ሰዉ ተበተነ። ወንድሜ ቀኝ ክንዱን እንደ ታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ መኪናው የሄደበትን ያያል።

«ይቺው ናት?» አለኝ። «በር ላይ ማጋደም፣ ይቺው ብቻ ነበረች?»

በሩ የወጣበትን ባዶ ቦታ አየሁ።

«ያን ቀን በር ነበረን?»

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለዚያ ቀን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

«ነበረን» አልኩት።

«የት?»

«ከወደቅክበት ሁለት እርምጃ። ግድግዳው ላይ። ስድስት ነበሩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ልገፋለት ስል «ተው» ብሎ በግራ እጁ ብቻ ጎማውን ገፋ። በአንድ እጅ የሚገፋ ወንበር ቀጥ ብሎ አይሄድም። ትንሽ ሄደ፣ ወንበሩ ዞረበት፣ ፊቱም ወደ እኔ ሆነ።